በአረቄ የተቀቀለው ቅጠል

በንጉሡ ዘመን ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ነቀምቴ ነበር። የሸዋ ልጅ ነኝ፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። የማውቀው ጥቂት፣ የማውቅ የሚመስለኝ ግን ብዙ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ዕፀዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ከሚለው ትምህርት ደረስን። ቅጠል ከአየርና ከውኃ፣ በፀሐይ ብርሃን ኃይል፣ የራሱን ምግብ ይሠራል ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሁሉም አቀርቅረው ይገለብጣሉ። ከጉቶ ጊዳ ገጠር በእግሯ የምትመጣ አንዲት ልጅ ብቻ እርሳሷን አስቀምጣ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ በቆሎ የሚበላው አፈር አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ከአፈር ውኃና ትንሽ ማዕድን ይወስዳል እንጂ ምግቡን የሚሠራው ቅጠሉ ነው።»

«ታዲያ አባቴ ፍግ የሚጨምርለት ለምንድን ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም መልሱ ስላልመጣልኝ «በዓይንሽ አሳይሻለሁ» ብዬ አለፍኳት።

ማሳያው መጽሐፉ ላይ ቀላል ነበር። ከቅጠሉ ላይ ጥቂቱን ብርሃን እንዳያገኝ መሸፈን፤ ከሁለት ቀን በኋላ ቆርጦ አረንጓዴው ቀለም እስኪለቅ በአልኮል መቀቀል፤ ከዚያ አዮዲን ማንጠብጠብ። ቅጠሉ ምግብ የሠራበት ቦታ ይጠቁራል፤ የተሸፈነው አይጠቁርም። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ብርማውን ወረቀት ቆርጬ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የተሳበው ቦሎቄ ቅጠሎች ላይ በስፒል አያያዝን። አዮዲኑን የክሊኒኩ ድሬሰር ሰጠኝ። አልኮሉን ግን ጠርሙሱን ወደ ደረቱ አስጠግቶ «ይቺማ ለመርፌ ናት» አለ።

አረቄም አልኮል ነው። ያላገባች አስተማሪ አረቄ ቤት ስትገባ ከተማው ምን እንደሚል አላጣሁትም፤ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ገባሁ። ሻጯ የጎጃም ሴት ነበሩ።

«ለማን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ለቅጠል።»

ትንሽ አዩኝና «ለመድኃኒት ከሆነማ ዳግሙ ይሻልሻል» ብለው ሁለቴ የወጣውን፣ ኃይለኛውን ቀዱልኝ።

በማግስቱ ከሰል አቀጣጥለን ብረት ድስት ውኃ ጣድን፤ ውኃው ውስጥ አረቄና ቅጠል የያዘ ጣሳ አስቀመጥን። ክፍሉ የሠርግ ቤት ሸተተ። አረቄው እንደ ጎመን ውኃ አረንጓዴ ሲሆን ደፍተን በሌላ ቀየርን፤ ደግመን ቀየርን። ቅጠሉ ገርጥቶ ወጣ። አዮዲኑን ሳንጠባጥብበት ቀስ በቀስ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለወጠ፤ ብርማው ወረቀት የነበረበት መሀሉ ግን እንደ ገረጣ ቀረ። ልጆቹ አግዳሚ ላይ ወጥተው ጮኹ። ያቺ ልጅ ጣሳውን ስትደፋ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰባት። «ይደርቃል» አልኳት። እሷ ስቃ ሄደች፤ እኔም ረሳሁት።

በነጋታው ዲሬክተሩ አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ካኪ ካፖርት የለበሱ ረጅም ሰው ቆመዋል። ልጅቷ ከጎናቸው አቀርቅራለች። አባቷ ናቸው፤ የወንጌል አማኝ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። ፊታቸው በንዴት ጠቁሮ እንኳ ሰላምታ አላጓደሉም።

«አካም ቡልታን?» አሉኝ፣ እንዴት አደሩ ማለት ነው። ከዚያ በኦሮምኛ ረጅም ንግግር ተናገሩ። እኔም ዲሬክተሩም ኦሮምኛ አንሰማም። ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪ በኦሮምኛ ከተናገረ ይቀጣ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዲሬክተሩ ራሱ ልጅቷን «ምን እያሉ ነው? አስተርጉሚ» አላት። የራሷን ክስ።

«ቤታችን አረቄ አይገባም ይላል። አያቴን የገደለው እሱ ነው ይላል። ልጄን የላክኋት እንድትማር ነው እንጂ...»

«ቀጥዪ» አላት ዲሬክተሩ።

«እንድትጠጣ አይደለም ይላል።» እንባዋ ወረደ።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አንዲት ልጅ ያን ሽታ ይዛ እቤቷ ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት ለአፍታ አላሰብኩም ነበር።

«ኦቦ» አልኳቸው፣ ከማውቃት ጥቂት ኦሮምኛ የማክበሪያዋን ይዤ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅዎ አልቀመሰችም። ምን እንደሠራንበት ላሳይዎ።»

አጥሩ ላይ ገና ያልተነኩ የተሸፈኑ ቅጠሎች ነበሩ። አንዱን ቆርጬ ሥራውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለው መስኮቱ ጋ ቆሙ። አረቄው ሲፈላ አፍንጫቸውን በካፖርታቸው ጫፍ ሸፈኑ። ቅጠሉ ጠቁሮ መሀሉ ገርጥቶ ሲወጣ ግን ቀረቡ። ብዙ አዩት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ።

«የጠቆረው ምግብ መሆኑን በምን አወቀች ይላል» አለች ልጅቷ። «መድኃኒቱ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቁር ቢሆንስ?»

ማሠልጠኛ ውስጥ ማንም ይህን ጠይቆ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው አንድ ፍሬ የበቆሎ ቆሎ አወጡ፤ በጥርሳቸው ለሁለት ሰብረው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከሰሌዳው ሥር አንዲት ስባሪ ጠመኔ አንሥተው አጠገቡ አደረጉ። በእጃቸው «አንጠብጥቢ» አሉኝ። አንጠበጠብኩ። ጠመኔው ላይ አዮዲኑ ቡናማ እንደ ሆነ ቀረ። የበቆሎው ነጭ ሆድ ጠቆረ።

«ዱጋዳ» አሉ። እውነት ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ የልጃቸውን ራስ ዳበሱ፤ እስከዚያ ሰዓት አልነኳትም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤታቸው ጠሩኝ። ማሳቸው ዳር ትልቅ ዋንዛ ቆሟል። ከሥሩ ያለው በቆሎ ሁልጊዜ ቀጫጫ እንደሚሆን፣ ዛፉ የአፈሩን ምግብ እየበላበት እንደሚመስላቸው በልጃቸው አስተርጓሚነት ነገሩኝ። ምግቡን የሚሠራው ቅጠሉ ከሆነ፣ ጥላው ይሆን የሚያስርበው? እኔም ዋናው ይህ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። የፍጉንም ጥያቄ ያን ጊዜ መለስኩ፤ ቤት ሲሠራ ሚስማር እንደሚያስፈልግ፣ ቤቱ ግን ሚስማር እንዳልሆነ። ሳቁ። ዋንዛውን እንደሚመለምሉት ነገሩኝ። እዚህ ላይ ብሄድ ጥሩ ነበር።

ከጓሮ፣ በሌሎች ዛፎች ጥላ ሥር አሥር የቡና ዛፎች አየሁ። «ይሄስ? ይሄም ተርቧል» አልኩ። «ቅርንጫፉን ቢቆርጡለት ቅጠሉ ብዙ ይሠራል፤ ብዙም ያፈራል።»

ሚስታቸው ከኋላችን ቆመው ነበር። አንድ ነገር አሉ።

«እናቴ ቡና ብዙ ፀሐይ አይወድም ትላለች።»

«ብርሃን የማይወድ ቅጠል የለም» አልኩ። ልጅቷ ተረጎመች። ሴትዮዋ እኔን አዩኝ፣ ባላቸውን አዩ፣ ወደ ቤት ገቡ። ባልየው ያመኑት የእኔን ነበር። ጠመኔውና በቆሎው አሳምኗቸዋል።

ቡናው ከተለቀመ በኋላ የጥላ ዛፎቹን ቅርንጫፍ ቆረጡ። ከዚያ በጋው ገባ። የካቲት ላይ ልጅቷን «ቡናችሁ እንዴት ሆነ?» ስላት እግሯን ታይ ጀመር። «ደህና ነው» አለች፤ ፊቷ ግን ደህና አላለኝም። በዚያው ሳምንት ሄድኩ።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዙ እሳት እንደነካው ቡናማ ነው። ከጫፍ ጀምሮ የደረቁ ቅርንጫፎች አሉ። ሰውየው ፍግ ተሸክመው ሲመጡ አገኙኝና ሰላም አሉኝ፤ ፍጉን ከቡናው ሥር ደፉ። ያ ሰላምታ ከቢሮው ቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ይቅርታ ብጠይቃቸው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ በተሰባበረ አማርኛ «እኔ ቆረጠ። አንቺ አልቆረጠ» አሉኝ።

ሚስታቸው ግን እጄን ይዘው ወደ ጎረቤት ጓሮ ወሰዱኝ። ጥላ ሥር ያለ የቡና ቅጠል ቆርጠው መዳፌ ላይ አኖሩ፤ ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ። ከራሳቸው ቆርጠው ጨመሩበት፤ ጠባብ፣ ደረቅ። ልጅቷ ስላልነበረች ቃል አልተለዋወጥንም። አላስፈለገም።

መስከረም ላይ ዋንዛው ሥር የነበረው በቆሎ ከሌላው እኩል ቆመ። ቡናዎቹን ግን ባልየው ከታች ጎንድለው፣ መሀል መሀሉ ለጥላ ሙዝ ተክለው ነበር። ሰባቱ አቆጠቆጡ፤ ሦስቱ ደርቀው ቀሩ።

ጥቅምት ሲደርስ ለአዲሶቹ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ያንኑ ትምህርት አስተማርኩ፤ አልኮሉን በልመና ከድሬሰሩ አግኝቼ። በማግስቱ ሁሉንም ይዤ በእግር ወደ እነዚያ ባልና ሚስት ጓሮ ወረድኩ። ዲሬክተሩን ለሽርሽር ነው ብዬው ነበር። ሴትዮዋ መጀመሪያ አፈሩ። ከዚያ አንዱን ያቆጠቆጠ ቡና ዝቅ አድርገው ይዘው፣ በራሳቸው ቋንቋ መናገር ጀመሩ። ክፍል ውስጥ አፋቸውን የማይከፍቱት ልጆች ይጠይቃሉ፣ ይመልሳሉ፣ ይከራከራሉ። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አጠገቤ የቆመችውን አንዲት ተማሪ በቀስታ «ምን አሉ?» አልኳት።

«ለበቆሎ ፀሐዩን ዝም ብላችሁ ልቀቁለት» አለች ዓይኗን ከሴትዮዋ ሳትነቅል። «ለቡና ግን በወንፊት ነው አሉ።»

ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት።