ከልክ ያለፈው ጭስ

በደርግ ዘመን ከየካ የወጣሁ ምሽት እህቴ አልማዝ ሻንጣዬን ተሸክማ እስከ ሾላ ገበያ ሸኘችኝ። መንገድ ላይ እንዳናለቅስ ተማምለን ነበር፤ ለጎረቤት «ለስድስት ወር ሥልጠና ነው» ብለናላ! እንደማልመለስ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ታክሲው ሲነሳ ግን እሷ መሐላውን አፈረሰች፤ እኔም ተከተልኳት።

ጀርመን ጥገኝነት ጠይቄ፣ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ የአውሮፕላን ሞተር መፈተሻ ውስጥ ለሙከራ ጊዜ ተቀጠርኩ። ሥራውን ካጣሁ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ይሄዳል። አገሩ ጉድ ነው፤ ቃሪያው እንኳ አያቃጥልም! ሞተሩ ሲያጓራ ጭሱን በቧንቧ ስበን በነጭ ወረቀት ውስጥ እናሳልፋለን፤ ወረቀቱ በጠቆረ መጠን መሣሪያው ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ከተፈቀደው ልክ ካለፈ ሞተሩ አይለቀቅም። እኛ እንጦጦ ሥር በባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ዓይናችን እየቀላ ላደግነው፣ ለጭስ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ማየት እንዴት ያስቃል መሰላችሁ!

አንድ ቀን ቁጥሩ ከልኩ አለፈ። አገር ቤት እኮ ሪፖርት ሁሉ «ከዕቅድ በላይ ተሳክቷል» ነው፤ መጥፎ ውጤት የጻፈ «አሻጥረኛ» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ የተፈቀደውን ልክ ራሱን ጻፍኩና፣ እኔ ሞኟ፣ ጥቁሩን ወረቀት አያይዤ አስረከብኩ።

አለቃዬ ሄር ብራንት፣ በእኛ አቶ ብራንት፣ ወረቀቱን አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየ።

«ይህ ሞተር ዘመድሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ትዋሺለታለሽ?»

«እንዳታሳስረኝ» አልኩ፤ አምልጦኝ።

ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው። «የምንፈትሸው ሞተሩን እንጂ አንቺን አይደለም። መጥፎውን ቁጥር ካልነገርሽን ምኑን እንጠግናለን?» ብሎ አዲስ ቅጽ ሰጠኝ።

እውነተኛውን ጻፍኩ። ሞተሩ ሲታይ ነዳጅ የሚረጨው ቀዳዳ ተደፍኖ ተገኘ። በወሩ መጨረሻ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ፤ ከደስታዬ ብዛት አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እሁድ የካ ጎረቤታችን ቤት ስልክ ደወልኩ። አልማዝ እየጠበቀችኝ ነበር።

«ተመቸሽ ወይ?» አለችኝ።

እንደ ወትሮዬ «በጣም!» ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «ሥራዬን ወድጄዋለሁ፤ ግን አልማዝዬ፣ ብርዱ አጥንቴ ገብቷል፣ የማጫውተው ሰው የለኝም፣ ማታ ማታ አለቅሳለሁ» አልኳት።



«እሰይ!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰባብሮ። «እኔም እኮ ደህና አይደለሁም። እንዳላሳዝንሽ ብዬ ነው ደህና ነኝ ስልሽ የኖርኩት። ቆይ፣ ከየቱ ልጀምርልሽ?»