በሩ ሥር ያለው ሰፊ ቦታ

ያሰሩኝ በመምህራን ስብሰባ ላይ በጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው። የወሰዱኝ ሮቤ ዳር ወዳለ፣ ድሮ የስንዴ መጋዘን ወደነበረ ቤት ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የታየኝ እግር ነው፤ ሠላሳ ያህል ሰው ሲሚንቶ ላይ ተጠጋግቶ ተኝቷል። የባሌን ብርድ የሚያውቅ ለምን እንደሚጠጋጉ አይጠይቅም።

እስረኞቹ የመረጡት የክፍሉ አለቃ፣ ካቦው፣ አዲስ ገቢን ልብስ አስወልቆ ቅማልና እከክ ይፈትሻል። ክርኔን፣ ጉልበቴንና ጀርባዬን አየ። ነጭ ቅርፊት የለበሰ ቀይ ቁስል ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ፣ ስጨነቅ ይብስብኛል።

«አይተላለፍም» አልኩት።

«ይተላለፋል ብሎ የሚገባማ የለም» አለና ለሽንት ከተቀመጠው ባልዲ አጠገብ፣ በሩ ሥር አስተኛኝ።

ግራና ቀኜ ባዶ ተተወ። በዚያ ክፍል የእኔን ያህል ሰፊ ቦታ የነበረው ሰው የለም፤ ሙቀቱ ግን እነሱ ዘንድ ነበር። ምግቤም በተለየ ሳህን ይገፋልኝ ጀመር። ስንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ስለ ገዛ ቆዳዬ የሚያምነኝ አንድ ሰው አጣሁ። ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ አልቅሻለሁ፤ አልደብቅም።

በሳምንቱ አንድ የአጋርፋ ገበሬ ገቡ። ሰባ ዓመት የዘለቁ ሰው ስለሆኑ ካቦው ልብሳቸውን ማስወለቅ አፈረና ሳይፈትሻቸው መሃል አስተኛቸው። ሁላችንም ሀጂ አልናቸው። ለውዱ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ ውኃ ይዘው ሲያልፉ እኔ ዘንድ ይቆማሉ።

«አካም ቡልቴ፣ ባርሲሳ?» ይሉኛል። እንዴት አደርክ፣ መምህር ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን አጠገቤ ተቀመጡ። «ይሄ ነገርህ ከምን መጣ?»

«ሕዋሳት እርስ በርሳቸው በኬሚካል መልእክት ይላላካሉ፣ ሀጂ። የእኔ በሽታ ተከላካዮች ምንም ሳይመጣ ‹ጠላት መጣ፣ ቶሎ በል› እያሉ ወደ ቆዳዬ ይልካሉ። ቆዳዬም ያምናቸዋል። በወር መብሰል ያለበት ቆዳ በጥቂት ቀን ይወጣል። ቅርፊቱ እሱ ነው።»

«ዝም በሉ የሚላቸው የለም?»

«መድኃኒት አለው። እዚህ የለም እንጂ።»

«ያ ረቢ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰሚ ካገኘሁ ቆይቼ ስለነበር ያን ቀን ብዙ ለፈለፍኩ።

እሳቸው ከገቡ አንድ ወር አልፎ ክፍሉ በሙሉ ማከክ ጀመረ። ሁሉም ዐይን ወደ እኔ ዞረ። ካቦው መጥቶ ቆመ።

«ለጠባቂዎቹ ልንነግር ነው። ወደ ኋላ ክፍል ለብቻህ ትሄዳለህ።»

የኋላ ክፍል መስኮት የለውም። ከዚያ የተመለሰ አንድ ሰው ከራሱ ጋር ያወራ ነበር። እኔማ ያኔም ወደዚያ ግማሽ መንገድ ሄጄ ነበር፤ እዚያ ብገባ እንደማልተርፍ አውቄዋለሁ።

የእነሱ እከክ ነበር፣ በጣቶች መካከል የሚገባው። ተባዩ እንደገባ ወዲያው አያሳክክም፤ ማሳከኩ የሚመጣው ሰውነት ባዕድ መግባቱን አውቆ መልእክት መላላክ ሲጀምር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለያዘው ሰው ይህ ሳምንታት ይፈጃል። ወደ ኋላ ብቆጥር ሀጂ የገቡበት ሳምንት ላይ ደረስኩ። ቀና ብዬ አየኋቸው። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

አንድ ቃል ብናገር በሩ ሥር የሚተኙት እሳቸው ናቸው። ልናገር ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ከማን እንደመጣ አይታወቅም» አልኩ። «እኔ ብወጣም አይለቃችሁም። ሁላችሁም በአንድ ቀን ካልተቀባችሁ፣ ልብሱም አብሮ ካልታጠበ ተመልሶ ይመጣል። የእከክ ሎሽን አስመጡ፤ ጀርባችሁን እኔ እቀባለሁ። ካልተሻላችሁ ያኔ ላኩኝ።»

ጠባቂዎቹም ማከክ ስለጀመሩ ሎሽኑ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ተራ በተራ መጡ። ካቦው መጀመሪያ ትከሻውን ሰበቀ፣ ከዚያ ተወኝ። የሠላሳ ሰው ጀርባ በመዳፌ አለፈ።

መጨረሻ ላይ ሀጂ ከጠርሙሱ የቀረውን እጃቸው ላይ አንቆረቆሩ።

«ዙር፣ ባርሲሳ።»

እከኩ እኔን አልያዘኝም፤ ማንም አጠገቤ አልተኛማ። ሎሽኑ ቁስሌን እንደሚያቃጥለውም አውቃለሁ። ግን ከታሰርኩ ጀምሮ የሰው እጅ ነክቶኝ አያውቅም ነበር። ሸሚዜን አውልቄ ዞርኩላቸው። እንደ በርበሬ ለበለበኝ። እንዳያቆሙ ብዬ ትንፍሽ አላልኩም።

ወደ ኋላ ክፍል ሳልሄድ ተፈታሁ። ሀጂ ከእኔ በፊት ወጥተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ጎባ ያለችው ሐኪም የምታዝዝልኝ ቅባት ጥሩ ነው፤ ክርኔና ጉልበቴ ጠርተዋል። ጀርባዬ መሃል ላይ ያለው ብቻ አልዳነም። ብቻዬን ስለምኖር እጄ አይደርስበትም።