ነጯ ጥንቸል የወለደች ለት

ባለፈው እሑድ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ የጎረቤቴ ልጅ ወልዳ አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ገንፎው ቀርቦ፣ ቅቤና በርበሬው መሀሉ ላይ ተንቆርሮ፣ ሴቱ ሁሉ በተራ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ተራዬ ሲደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። «እትዬ የሺን ምን ነካቸው?» ተባባሉ። ምን ብዬ ላስረዳ? ያን ቃል በሰማሁ ቁጥር ቡሬ ትዝ ትለኛለች።

ቡሬ ከተማ የእርሻ ተማሪ ነበርሁ፤ ሽንዲ ተወልጄ ያደግሁ የገበሬ ልጅ። የመመረቂያ የተግባር ሥራ ሲታደል ላሙንና ዶሮውን ሌሎቹ ተሻሙትና ለእኔ ማንም ያልፈለጋቸው ጥንቸሎች ደረሱኝ። በእኛ አገር ጥንቸል አትበላም። ቤት ያከራዩኝ እማማ ጠጄማ ወሬውን የሰሙ ለት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«አንች ልጅ፣ ያችን ስትነኪ ውለሽ ነው ቤቴ የምትገቢ?»

«እማማ፣ ልበላት አይደለምኮ፤ ላዋልዳት ነው።»

«ታመሰኳለች እንጂ ሰኮናዋ አልተሰነጠቀም! ጋውንሽን እደጅ ትሰቅያለሽ፣ እጅሽን በአመድ ትታጠቢያለሽ!»

እንዳሉኝ አደረግሁ። እማማ ጠጄ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከመጽሐፉ ጋር መጣላት አይወዱም እንጂ።

ጥንቸሎቻችን ወንዱም ሴቱም ነጭ፣ ሁሉም ዘመዳሞች ነበሩ። እርስ በርስ ሲዋለዱ ኖረው ግልገሎቹ እየከሱ ይሞቱ ጀመር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ሰው ዘንድ ግን ደረተ ሰፊ፣ ግራጫ ወንድ ጥንቸል ነበረ። አውሰን ብንለው «የእናንተን እከክ ይዞብኝ ይመለሳል» ብሎ እንቢ አለ። ዘሩን ብቻ ሊሰጠን ፈቀደ። እንደ ላም በሰው እጅ ማዳቀል ግድ ሆነ ማለት ነው። አስተማሪዬ መምህር ይኄይስ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ነገር ማለሳለስ አያውቁም። «በዚህ መንፈቅ ካልወለዱ ቤቱ ለዶሮ ይለቀቃል። ያንችም ምረቃ ለከርሞ ነው» አሉኝ። ሽንዲ ባዶ እጄን መመለስ ሞት መስሎ ታየኝ።

ጊዜው በርበሬ የሚሰጣበት ነበር። ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ አድርጎ እስከ ቡሬ የመንገዱ ዳር ቀይ ለብሷል፤ ሚኒባሱ ውስጥ የማያስነጥስ ሰው የለም። ዘሩን በብልቃጥ፣ ብልቃጡን በፔርሙስ አቅፌ መጣሁ። መጀመሪያ ጋቢና መቀመጤ ጉድ ሠራኝ፤ የሞተሩ ሙቀት ፈጀውና በማይክሮስኮፕ ስናየው ንቅንቅ የሚል አልተገኘም። ቀጥሎ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ፤ ዘሩ በደህና ደረሰ። የመረጥኋት ጥንቸል ግን ስታጠባ የከሳች ኖራ አልያዘችም። ከዚያ አንዲት ሥጋዋ የሞላ፣ ፍላጎቷም የታየ ነጭ መረጥሁ። አሁንም ባዶ! ጓደኞቼ «የጥንቸሏ መካን» ይሉኝ ጀመር፤ እኔን ይሁን ጥንቸሏን እነሱ ያውቃሉ።

ላም ጊዜዋን ጠብቃ እንቁላሏን ትለቃለች። ጥንቸል ግን ወንድ ካልተጠጋት አትለቅም። በወንዱ ፈንታ የምንወጋት መድኃኒት ነበረን፤ ለካ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ውስጥ ተበላሽቷል። ሌላ ባሕር ዳር ድረስ ተፈልጎ ታጣ።

ሽንዲ ለበዓል ሄጄ ላማችንን ሳልብ ነው ነገሩ የበራልኝ። ጥጃው ጡቷን ካልነካ ወተቷን አታወርድም። ለስሙ ትንሽ ይጠባል፣ ከዚያ ይሳባል፤ ወተቱ የእኛ ነው። ማለቢያዬን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ስመለስ በቀጥታ መምህሬ ዘንድ ሄድሁ።

«መምህር፣ የራሳችንን ወንድ ዘሩ የሚወርድበትን ቧንቧ ቋጥረው ለስሙ ቢያስጠጉልንስ?»

«ጥጃ ልናደርገው?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ይቻላል። ግን አምልጦን የሱ ልጆች ቢሆኑስ?»

«ነጭና ነጭ ነጭ ነው የሚወልድ። ግልገሎቹ ራሳቸው ይነግሩናል።»

ቋጠሩት። ዘሩ ከውስጡ ተሟጦ እስኪያልቅ ታግሰን፣ ከዚያችው መጨረሻ ከመረጥኋት ነጭ ጋር አገናኘነውና ወዲያው የግራጫውን ዘር ሰጠናት። ከዚያ ወር ያህል መጠበቅ ነው። ጧፍ ተሳልሁ ብል ማን ያምነኛል? ለጥንቸል ስለት!

የደረሰች ለት ጠዋት ነጯ የደረቷን ጠጉር እየነጨች ሳጥኗ ውስጥ ስታነጥፍ አገኘኋት። ከዚያ ወዲያ ከአጠገቧ አልራቅሁም። ቀትር ላይ እማማ ጠጄ እህል አለመቅመሴ አሳዝኗቸው የሽሮ ፍትፍት ይዘው መጡ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ከደጅ ቆሙ። ነጯ ወልዳ ከሳጥኗ ስትወጣ የጠራኋቸው መምህር ይኄይስ በጣታቸው ጠጉሩን ገለጥ አደረጉት። ግልገል ራቁቱን ነው የሚወለድ፤ የነጭ ልጅ ቆዳው ሮዝ ነው። እነዚህ ግን እንደ ኑግ የጠቆሩ ነበሩ!

«የግራጫው ናቸው!» ብለው ጮኹ መምህሬ። እኔ ዘለልሁ፣ አለቀስሁ፣ ምን እንዳልሁ አላውቅም። ስዞር እማማ ጠጄ ከጎኔ ቆመዋል።

«ይህን ጠጉር ማን አነጠፈላት?»

«ራሷ ናት። ከደረቷ ነጭታ ነው።»

ነጠላቸው ከአፍንጫቸው ወረደ። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት፤ የዶሮው ቤት ተማሪዎች ሁሉ እየሮጡ መጡ። በአመድ ሲያስታጥቡኝ የከረሙትን እጄን ያዙና «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ!» አሉኝ። ለእሷ ቢሉት ከመጽሐፉ ጋር ሊጣሉ ነው፤ ስለዚህ ለእኔ አሉት። ያን ቀን ማታ ጋውኔን እደጅ አልሰቀልሁም።

ተመረቅሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን የስንቱን ገበሬ ላም አዳቅያለሁ። እኔ ራሴ ግን አልወለድሁም። አራስ ቤት ስገባ ሴቶቹ ለእኔ ብለው ይሳቀቃሉ፤ እሑድም እንባዬን ሲያዩ ያዘንሁ ሳይመስላቸው አልቀረም። አይምሰላቸው። እኔንም አንድ ጊዜ ማርያም ምራኛለች፤ እልል ተብሎልኛል። ሳቄን ስጨርስ እንባዬን ጠረግሁና አራሷን ገንፎዋን አጎረስኋት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኋት፤ እንዴት ደስ እንደሚል አውቀዋለሁ።