የጋሽ በራሳ እግር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ተንበርክኬ ስጸልይ እንኳ ዙሪያውን እዞርና ስሙን ሳልጠራ «አሜን» ብዬ እነሳለሁ። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ ቢኖረኝም እሸሸው ነበር። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ መንገድ ላይ ብንገናኝ ፊቴን አትለዩትም። እንግዲያው ስሙኝ።

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ ጋራዥ አለኝ። ሥራዬ ሠራዊቱ በቃኝ ብሎ የሸጣቸውን የጭነት ካሚዮኖች መጠገንና ማሻሻል ነው። ቤንዚን የሚጠጣውን ሞተር አውርጄ የናፍጣ እገጥማለሁ፣ ባሌስትራውን አጠነክራለሁ፣ የወታደር መቀመጫውን ነቅዬ ሰፊ የጭነት ሣጥን እሠራለሁ። ጭቃም ዳገትም ስለማይበግራቸው ነጋዴው ይወዳቸዋል። ሰው «ኢንጂነር» ሲለኝ ደረቴ ይነፋል። ኢንጂነር አይደለሁም፤ ዩኒቨርሲቲውን የማውቀው በአጥሩ በኩል ሳልፍ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ እንዲህ ያለች ካሚዮን አመጣልኝ። ሊነዷት የተቀጠሩት ጋሽ በራሳ ነበሩ፤ በወታደርነታቸው ዘመን የዚህችን ዓይነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ከእኔ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልኩ ሰው። ቅዳሜ ጠዋት ትወጣለች ብዬ ቃል ሰጠሁ። ነጋዴው የቤተ ክርስቲያናችንን መጋቢ ጠራ፤ እንግዶችም ጋበዘ፤ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ተጸልዮላት ልትወጣ ነው።

አርብ ከሰዓት አንደኛው የፊት ጎማ የፍሬን ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። ዘይቱን የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ ተበልቷል። ፒያሳ ያሉትን የመለዋወጫ ሱቆች አዳረስኩ፤ ለወታደር መኪና የሚሆን ጎሚኒ ያለው ጠፋ። ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ? «አልደረሰችም» ማለት። ይህችን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ፤ መጋቢውና እንግዶቹ ፊት ማፈር አልፈለግኩም። ከአሮጌ ኩሽኔታ አንዲት የብረት ብይ አወጣሁ። ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚሄደውን የፍሬን ቧንቧ ፈታሁ፣ ብይዋን አፉ ውስጥ ከተትኩ፣ መልሼ አጠበቅኩ። ዘይቱ መፍሰሱን አቆመ። የፊት ጎማዎቹም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፍሬን አልነበራቸውም። ጎሚኒው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው አልኩ ለራሴ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አላዘዘኝም።

በማግስቱ ጋሽ በራሳ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አድርገው ሞከሯትና ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ወረዱ።

«ጌታሁን፣ ይቺ ፔዳል ደስ አላለችኝም። ትንሽ ትሰምጣለች» አሉኝ።

«አያስቡ ጋሽ በራሳ። አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው፤ ሥራ ስትለምድ ትስተካከላለች» አልኳቸው።

አመኑኝ። ለምን አያምኑኝ? መጋቢው እጃቸውን ሞተሩ ላይ ጭነው ሲጸልዩ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አሜን አልኩ።

ጎሚኒው ገና ሳይመጣ፣ ጋሽ በራሳ ከሀገረ ሰላም ቀርከሃ ጭነው ሲወርዱ ፍሬን እምቢ አላቸው። ያን ሁሉ ጭነት የያዙት የኋላዎቹ ጎማዎች ብቻ ነበሩ፤ ቁልቁለቱ ላይ ግለው ከዱ። ካሚዮኗ ከገበያ የምትመለስ አንዲት እናት ገጭታ ከትልቅ ዛፍ ጋር ተላተመች። ሴትየዋ እዚያው ሞተች። ስሟን አውቃለሁ፤ የልጆቿንም ስም አውቃለሁ። እዚህ የመጻፍ መብት ግን ያለኝ አይመስለኝም።

ጋሽ በራሳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ረገጥኩት፤ አልያዘም» አሉ። ይህን ዓይነት መኪና የሚያውቅ ሲጠፋ ፖሊሶቹ ፍሬኑን እንዲመረምር ማንን ጠሩ? እኔን። ሥር ገባሁ። የፊት ጎማው ተጨፍልቆ ስለነበር የፈሰሰው ዘይት ሁሉ ከግጭቱ የመጣ ይመስላል። ቧንቧውን ፈታሁ፤ ብይዋን በጣቴ አወጣሁና ኪሴ ከተትኩ። ቧንቧውን መልሼ አሰርኩ። ወጥቼ እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ «ፍሬኑ ጤነኛ ነበር» አልኩ። ፍርድ ቤትም ቆሜ ይህንኑ ደገምኩት፤ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ጋሽ በራሳ ታሰሩ።

ስንቅ አመላልስላቸው ነበር። ደግ ሰው ተባልኩ። አንድ ቀን ምግቡን ሳይነኩት ወደ ጎን አሉትና «አንተ ባለሙያ ነህ፤ አትዋሸኝም» አሉኝ። «እግሬ ፍሬኑን ስቶ ነዳጅ መስጫው ላይ አርፎ ይሆን? ሌት ተቀን አስባለሁ፤ አሁን አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።»

እዚያ ላይ መናገር እችል ነበር። እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። «ያጋጥማል፣ ጋሽ በራሳ» አልኳቸው። ከሠራሁት ሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው። ብይዋን የከተትኩት ፈርቼ ነው፤ ያወጣኋትም ፈርቼ ነው። ይህን ያልኩት ግን የሚያምነኝን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከተፈቱ በኋላ እሑድ ቀን ምስክርነት ሊሰጡ ተነሱ። እግራቸው ስቶ ነፍስ እንዳጠፉ፣ እግዚአብሔር ምሕረት እንዲያደርግላቸው እንደሚለምኑ በጉባኤው ፊት እያለቀሱ ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ አመለከቱ፤ «ይህ ወንድም በእስር ቤት አልረሳኝም» አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ሰው ትሕትና መሰለው።

አሁን የእኔ ጋራዥ ዘበኛ ናቸው። ሥራውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ለዚህም ተመስግኛለሁ። ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ድረስ በእግራቸው ይመጣሉ። ብይዋ በመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ከሌሎች ብዮች ጋር ተቀላቅላለች፤ የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም።

ዛሬ የአንድ ሾፌር መኪና የጋራዡን በር ዘግታ ቆማ ኖሮ፣ እሱ ስልክ ላይ ስለነበር «አባባ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ ያድርጓት» ብሎ ቁልፉን ወረወረላቸው። እኔ ከሌላ ካሚዮን ሥር ተኝቼ እየሠራሁ ነበር። ቁልፉን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ መልሰው ሰጡት፤ «ይቅርታ ልጄ፤ የእኔ እግር አይታመንም፤ ሰው ገድሎብኛል» አሉት።

ሰማኋቸው። ቁልፍ መፍቻዬን አነሳሁና ብሎኑን ማጥበቄን ቀጠልኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የእናንተ አይደለም፤ የልጆቿና የጋሽ በራሳ ነው። ወጣት ነበርኩ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ ነበር፣ አልልም። እግራቸው ፍሬኑ ላይ ነበር። በሙሉ ኃይላቸው ረግጠውት ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሳቸው ግን ነገም ጠዋት «እንደምን አደርክ ጌታሁን» ብለው በሩን ይከፍቱልኛል።