ከእብጠቱ ዳር የመጣ አጥንት

ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጂዛን ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ቶማስ የሚባለው ህንዳዊ የአጥንት ቁራጭ ሰጠኝና «ቁረጪ» አለኝ። አገሬ ሳለሁ ላቦራቶሪ ውስጥ ለስላሳውን ሁሉ ቆርጫለሁ፣ አጥንት ግን ነክቼ አላውቅም። ማይክሮቶሙ ላይ፣ ማለትም የአካል ቁራጭ በስሱ በሚልጠው መሣሪያ ላይ አስሬ ገፋሁት። ምላጩ ተሸረፈ። ቶማስ ሳቀ፤ አዲስ የመጣን ሁሉ የሚቀበለው እንዲህ ነው።

«ድንጋይ እኮ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩን አውጪለት» አለኝ።

ድንጋዩ አጥንቱ ውስጥ ያለው ኖራ፣ ማለትም ካልሲየሙ ነው። አጥንቱ አሲድ ውስጥ ይነከራል፤ በየጊዜው በመርፌ ይወጋል። መርፌው ሳይቸገር ከገባ ለስልሷል። ጊዜው ካለፈበት ደግሞ ሴሎቹ ቀለም አይቀበሉም። የሚያጣድፍ ሐኪም ብዙ ነው፤ አሲዱ ግን ማንንም አይፈራም።

ሰው አጥንት የሞተ ነገር ይመስለዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን በቀጭን የደም ሥር ዙሪያ ቀለበት በቀለበት የተደረደረ ሕያው ነገር ነው። አዲስ አጥንት ሲሠራ ገንቢዎቹ ሴሎች ተሰልፈው መጀመሪያ ለስላሳውን ያፈሳሉ፤ ኖራው ኋላ መጥቶ ያጠነክረዋል። አንዳንዶቹ ራሳቸው በገነቡት ግድግዳ ውስጥ ተዘግተው እዚያው ይኖራሉ። ይህን ማየት አልጠግብም ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የሚናፍቀኝ እሱ ነው።

የየመን ጦርነት ሲጀመር ሥራው በዛ። ከአል-ሙወሰምና ከሌሎቹ የድንበር ከተሞች ቁስለኛ ይመጣል። ሰማይ ላይ ሚሳይል ሲመታ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ማይክሮቶሙን አቁመን እንጠብቅና እንቀጥላለን።

ከዚያ ዘመን የማልረሳው ሰይድ ነው። በየመን በኩል ያለ ወረቀት የገባ የወሎ ልጅ ነው። አር-ሪስ ተራራ ላይ ፍየል ሲጠብቅ ተይዞ፣ ወደ አገር እስኪመልሱት እስር ቤት ይጠብቃል። ጭኑ ላይ የጠጠረ እብጠት ስላለበት ወታደር አጅቦ አመጣው። ቀዶ ሐኪሙ ከእብጠቱ መሃል ቁራጭ ወስዶ ላከልን።

ቁራጩን አለስልሼ፣ ሰም ውስጥ ቀብሬ፣ ቆርጬ፣ ቀለም አስነክቼ ለዶክተር ዑስማን ሰጠሁ። ሱዳናዊ ናቸው፤ ስላይዱን፣ ማለትም ቁራጩ የተለጠፈበትን መስታወት አይተው በሽታውን የሚለዩት እሳቸው ነበሩ። ብዙ ቆዩበት። ሴሎቹ ተተራምሰው በየቦታው ጥሬ አጥንት ይሠራሉ።

«ካንሰር ይመስላል» አሉኝ። «ግን ጡንቻ ሲመታም ውስጡ አጥንት ሊያበቅል ይችላል። መሃሉን ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል። ልጁ ተመትቶ ያውቃል?»

ለቀዶ ሐኪሙ ደወልኩ። «አልተመታሁም ብሏል። ካንሰር ከሆነ እግሩን ከላይ ነው የምቆርጠው። መልሱን ቶሎ ስጡኝ» አለ።

ዶክተር ዑስማን መነጽራቸውን አወለቁ። «የአገርሽ ልጅ ነው። በቋንቋችሁ ጠይቂው።»

ወደተኛበት ክፍል ሄድኩ። የሰይድ ደህናው እግር ከአልጋው ጋር በካቴና ታስሯል። ወታደሩ ስልኩን ይነካካል።

«ተመትተህ ነበር?»

«አልተመታሁም፣ እትዬ። ኸላስ፣ በቃ፣ ነግሬያቸዋለሁ።»

እኔም ወሎዬ ነኝ። እግሩ የተጎዳ ሰው አገራችን መጀመሪያ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። «ወጌሻ ጋ ታሽተሃል?» አልኩት።

ወታደሩን አየት አደረገ።

«አማርኛ አይሰማም።»

«ምን ያደርግልሻል? እብጠቱን አፍርጠው ይልኩኛል፣ በቃ።»

እግሩ ሊቆረጥ እንደሚችል የነገረው ሰው አልነበረም። ደሜ ፈላ። እኔው ነገርኩት። ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ጫነ።

«ስሙን ትጽፊዋለሽ?» አለኝ።

«የማንን?»

«ያሸኝን ሰው። ወረቀት የለውም። ተራራው ላይ የሁላችንን ስብራት የሚያቃና እሱ ነው። በእኔ አፍ አይያዝም፣ እትዬ። ከፈለጉ ይቁረጡት።»

«አንተ ልጅ፣ ስም ማን ጠየቀህ? መታሸትህን ብቻ ንገረኝ!»

ያን ጊዜ ተናገረ። ድንጋይ ተንከባሎ መታው፤ ወጌሻው እብጠቱ እንዲሟሽሽ ብሎ ጠዋት ማታ አሸው። በታሸ ቁጥር ጠጠረ። ተመታሁ ካልኩ ማን አከመህ ይሉኛል ብሎ ነው የካደው።

«ድንጋይ መትቶት ነበር፤ ታሽቷልም» አልኳቸው ለዶክተር ዑስማን። ማን አሸው አላሉኝም። ቀዶ ሐኪሙ አሁን ከእብጠቱ ዳር እንዲልክ ጠየቁት። አጉረመረመ፣ ላከ።

ያንን ቁራጭ ደጋግሜ በመርፌ ወጋሁት። ሐኪሙ ሰው ላከብን፤ «ገና ነው» ብዬ መለስኩት።

ዶክተር ዑስማን ስላይዱን አይተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ዳሩ ላይ ያለው በደንብ የተደረደረ፣ የጠና አጥንት ነበር። ካንሰር ቢሆን ጥሬው ዳር ዳሩን በተገኘ። የሰይድ ግን እንደ ዳቦ ዳሩ በስሎ መሃሉ ሊጥ ነው። አለቀስኩ። ቶማስ ሶፍት አቀበለኝና «ስላይዱን እንዳታረጥቢው» አለኝ።

ወደ አገር ከመመለስ ግን አልዳነም። ሊወስዱት ሲመጡ ልሰናበተው ወጣሁ። ወታደሩ «ያላ! ያላ!» እያለ ያጣድፈዋል፤ እሱ እያነከሰ በሁለት እግሩ ይሄዳል። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«እትዬ፣ ስሙን አልነገርኩሽም አይደል?»

«አልነገርከኝም» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ከአገሬ ሰው አጥንት ሲመጣ፣ አሲድ ውስጥ ሳልነክር አስጠይቅ ነበር። «ተመትተሃል ወይ?» አይበቃም፤ «ታሽተሃል ወይ?» ማለት ያስፈልጋል። ያሸውን ሰው ስም መጠየቅ አያስፈልግም።