ለመምህሩ ኮሮላ የመረጥኩት ፒስተን

ዲላ ጋራዥ ሥራ የገባሁ ቀን ባለቤቱ ሐጂ ከማል ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ እጄ ላይ ጥቂት ቤንዚን አፈሰሱ። «ሲደርቅ ንገረኝ» አሉኝ። ደረቀ። «ቅባት ተወ?» አልተወም። «ከተወ ላምባ አለበት ማለት ነው። በል፣ ያንን የመፍቻ ሳጥን ጥረግ።»

ከዓመታት በኋላ መምህር ታደሰ ከጨለለቅቱ ከተማ አሮጌ ኮሮላቸውን ይዘው ሲመጡ እኔ ፎርማን ሆኜ ነበር። ልጃቸው ምሕረት ልታገባ ነው። «ዲላ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ከአጀቡ ፊት ሆኜ እኔው ነኝ የምወስዳት። ዳገት ላይ ግን ይቺን መኪና ባጃጅ ይቀድማታል» አሉኝ። አጋነዋል ብዬ ራሴ ነድቼ ሞከርኳት። አላጋነኑም።

ጉልበት የሚገኘው ከእመቃ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የአየሩንና የቤንዚኑን ድብልቅ አጥብቆ ባመቀው መጠን ሞተሩ ይበረታል። ላምባ የገባበት ደካማ ቤንዚን ግን ብዙ ሲታመቅ ያለ ሰዓቱ ይፈነዳና ፒስተኑን ይመታዋል። ስለዚህ «ከሚነዱበት ቤንዚን አንድ ሊትር ያምጡልኝ» አልኳቸው።

አመጡ። እጄ ላይ አፈሰስኩት፤ ምንም ሳይተው ደረቀ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ቤንዚን ጨለለቅቱ መገኘቱ ገረመኝ። መገረሜን ግን እዚያው ተውኩት።

የሞተሩን ክዳን ማለትም የቴስታታውን ጉድጓድ ዘይት በመርፌ እየሞላሁ ለካሁ። አናቱ ዝርግ የሆነው ፒስተን ዘጠኝ ለአንድ ያምቃል፣ አናቱ ያበጠው አሥራ አንድ ለአንድ። ሐጂ «ዝርጉ ይበቃል፤ ሰርግ እንጂ ውድድር አይደለም» አሉ። ቤንዚኑን አስሸተትኳቸው። አሽትተው «እንግዲህ እሺ» አሉ። ያበጠውን ገጠምኩ። ሞተሩ ሲነሳ ኮራሁ፤ አልደብቅም።

የሰርጉ ዕለት መምህር «የሞተሩ ሐኪም ከፊት!» ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሙሽራይቱና ሚዜዋ ከኋላ ናቸው። ዳገቱ መሃል ስንደርስ ሞተሩ ጠጠር እንደገባበት ጣሳ ይንኳኳ ጀመር።

«መምህር፣ እግርዎን ያንሱ!»

«ልጄን እያደረስኩ?»

አላነሱም። ትንሽ ቆይቶ ጧ አለና ሞተሩ ጠፋ። ከኋላችን ያለው መንገድ በጭስ ተሸፈነ።

ወርጄ የቤንዚን ታንከሩን ከፈትኩና አሸተትኩ። ላምባ ነው። «ይሄማ ያመጡልኝ ቤንዚን አይደለም!»

መምህር ከረባታቸውን እያላሉ አዩኝ። «እንዴ ጋሼ! ለእርስዎ ሁሌ የምነዳበትን፣ ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ የሚሸጠውን ይዤ ልምጣ? ነውር ነው ብዬ ማደያ ተሰልፌ ያመጣሁልዎ ነው እኮ።»

ልቆጣ አሰብኩ። ሰው አከበረኝ ብዬ እንዴት ልቆጣ?

ከተከተሉን መኪኖች ውስጥ ለሙሽራይቱና ለሚዜዋ ብቻ ቦታ ተገኘ። «አባዬ፣ አንተስ?» አለች ምሕረት። «ሂጂ፣ እደርሳለሁ» አሏት። እኔና እሳቸው ከአንድ ባለሞተርሳይክል ኋላ ተፈናጠጥን።

ስንደርስ መዝሙሩ ተጀምሯል፤ አጎቷ እጇን ይዞ አስገብቷታል። መምህር በር ላይ ቆመው የሱፋቸውን አቧራ አራገፉ። ከዚያ ገብተው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሞተሩን በዝርጉ ፒስተን መልሼ ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ማንንም ቤንዚን አምጣ አልልም። ታንከሩ ውስጥ ቱቦ ከትቼ ራሴ እቀዳለሁ፤ ፒስተን የምመርጠው ከዚያ በኋላ ነው።