የውሃ አባት ተራ

አባቴ ከዳባት በታች ባለው መንደራችን የውሃ አባት ነበሩ። ከምንጩ በቦይ የሚወርደውን ውሃ ለየማሳው የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። ተራው የሚለካው በጥላ ነው፤ በቦዩ አፍ የተተከለው እንጨት ጥላ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ቀጣዩ ሲደርስ የአንዱ ይዘጋል፣ የሌላው ይከፈታል። የውሃ አባት ማሳ ደግሞ ከሁሉም በኋላ ይጠጣል። ወጉ ነው።

እኔ ደባርቅ ተቀምጬ ለሬዲዮ ዜና እሠራለሁ። ዝናቡ ዘግይቶ እንደሚገባ፣ ሲመጣም በአንድ ጊዜ ወርዶ አፈሩን ጠርጎ እንደሚሄድ፣ ወደ ምንጮች የሚሰርገው እንዳነሰ ከባለሙያም ከገበሬም ሰምቼ ደጋግሜ ዘግቤያለሁ። በዚህ በጋ ወደ መንደር የወረድኩት ግን ለዜና አልነበረም። እናቴ ደውላ የአባትህ ነጭ ሽንኩርት እየጠወለገ ነው አለችኝ። የቤቱ የዓመት ቀለብ ከዚያ ሽንኩርት ነው የሚወጣው።

ነገሩን መንገድ ላይ ሰማሁት። ውሃው ሲቀጥን ሰዎች በድሮው ጥላ ማሳችን አይርስም ብለው አመለከቱ። አባቴም እውነታችሁን ነው ብለው የእያንዳንዱን ተራ ወደ ሁለት ድንጋይ አሳደጉት። ሁሉም መረቃቸው። ዙሩ ግን በእጥፍ ረዘመ፣ ምንጩም በየቀኑ እየከሳ ሄደ። ስደርስ ከእኛ በፊት የቀረው የጎረቤታችን ማሳ ብቻ ነበር።

የእሱን ተራ እኩል አድርገው እንዲካፈሉት አባቴን ለመንኳቸው። ጎረቤታችንም ሰምቶ ኖሮ ዶማውን ተደግፎ ቀረበ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ይቅደሙ። የውሃ አባት ሽንኩርት ደርቆ የእኔ ቢለመልም፣ ገበያ ስወጣ ሌባ ነው የምመስለው።»

አባቴ ፈገግ አሉ። «ዛሬ ከቀደምኩህ ነገ በማን ላይ እዘጋለሁ?» አሉና የእሱን ከፈቱለት።

ጥላው ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ዘግተው የእኛን ከፈቱ። አንድ ቀጭን ውሃ በቦዩ ወረደ። ማሳው ጫፍ ሳይደርስ ስንጥቁ መጠጠው። ከኋላው የመጣ አልነበረም።

ወደ ቤት እንሂድ አልኳቸው። ተራዬ አላለቀም አሉኝ። ዶማቸውን ይዘው ደረቁ ቦይ አጠገብ ቆሙ፤ እኔም አብሬ ቆምኩ። ጥላው ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን መግቢያ ዘጉ። ጭቃ ስላልነበረ በጓል ነው የዘጉት።

በማግስቱ እናቴ ሽንኩርቱን መንቀል ጀመረች። የአንዱ ሽንኩርት ራስ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ሌላ የውሃ አባት ምረጡ ብለው ሕዝቡን ጠየቁ። ድሮ ለዚህ ሥራ ሰው ይጣላ ነበር። ያን ቀን እኔ ልሁን ያለ አልተገኘም። ጎረቤታችንም መሬት መሬት ያይ ነበር።